ለረጅም የፍጥነት መንገድ ምልልስ የሚመች ያገለገለ መኪና፦ ጥቆማ እፈልጋለሁ

የማለዳ ተጓዧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ቦታዬ ተቀይሮ በቀን 170 ኪሎ ሜትር መንዳት ጀምሬያለሁ። 85 መሄጃ፣ 85 መመለሻ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የፍጥነት መንገድ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን በዓመት ወደ 40,000 ይጠጋል። የያዝኳት ትንሽ መኪና 110 ላይ ሞተሯ ይጮሃል። ቤት ስደርስ ወገቤ ቶሎ አይቃናም። ያገለገለ ነው የምገዛው። የቶዮታ ኮሮላ፣ የሆንዳ አኮርድ እና የፎልክስዋገን ፓሳት ላይ ደርሻለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለሚቀመጥበት ሰው የትኛው ይመቻል?

የኮሮላ ልጅ፦
ኮሮላ ውሰጂ እህቴ። እስካሁን ሦስት ኮሮላ ነድቻለሁ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም። ዕቃዋ በቀላሉ ይገኛል፣ ስትሸጫትም ገዢ አታጪም። የማይጨነቁበት መኪና ከሁሉም በላይ ይመቻል።

ናፍጣ ወዳጅ፦
ለዚህ ርቀት ናፍጣ ነው። ናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስላለው በስድስተኛ ማርሽ 110 ላይ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይሄዳል። ያንቺ ትንሽ መኪና በዚያው ፍጥነት 3,500 ሳትዞር አትቀርም። ጩኸቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዲፒኤፍ የሚባለው የጥቀርሻ ማጣሪያ ይዘጋል ብለው ቢያስፈራሩሽ አትስሚ። የሚዘጋው አጫጭር መንገድ ለሚነዳ ነው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን የሚያቃጥለው በደንብ ሲሞቅ ስለሆነ፣ ረጅም መንገድ ያጸዳዋል። ፓሳት በናፍጣ ፈልጊ።

አንዴ የተነካ፦
ያገለገለ መኪና ሲባል ደሜ ይፈላል። የመኪናውንም የሻጩንም ስም አልጠራም። ባለፈው ዓመት ነው። ቆጣሪው 92,000 ይላል። ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር አድርጌ ሞከርኩት፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። ገዛሁት። በማግስቱ የፍጥነት መንገድ ገባሁ። 90 ላይ ከሥር ኡኡኡ የሚል ድምፅ ጀመረ። 110 ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው መስማት አቃተኝ። ሻጩን ስጠይቀው "የጎማ ድምፅ ነው" አለኝ። አራቱንም ጎማ ቀየርኩ። ድምፁ እዚያው አለ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። ቆይቼ መሪውን ሳየው ቆዳው ተልጧል፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ሙልጭ ብሏል። 92,000 የሄደ መኪና እንዲህ አይሆንም። ዛሬም የምነዳው እሱን ነው።

ናፍጣ ወዳጅ፦
አይዞህ ወንድሜ። ቆጣሪ መመለስ ቀላል ነው፣ መሪና ፔዳል ግን አይዋሹም። የሾፌሩን ወንበር የውጭ ጠርዝም እይ፤ በመግቢያ በኩል ያለው ጎን ቶሎ ያልቃል።

ባለ ሁለት ልጅ፦
እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። የኔ እንኳ የሰርቪስ መዝገብ ነበረው። ገጾቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸውን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አንዴ የተነካ፦
ሁሉም ከመክፈሉ በፊት መዝገቡን ገጽ በገጽ እንዲያይ ነው የምለው። ያመኑት ሰው ሲያታልል ያማል።

ባትሪ፦
ለምን ኤሌክትሪክ አታስቢም? ሞተሩ ድምፅ የለውም፣ ማርሽ የለውም፣ ንዝረት የለውም። ማታ ቤትሽ ቻርጅ አድርገሽ ጠዋት ሞልቶ ትወጫለሽ።

ናፍጣ ወዳጅ፦
በፍጥነት መንገድ ላይ ባትሪው ቶሎ ነው የሚወርደው። መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል። ከ90 ወደ 120 ስትወጣ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደግሞ ከተማ ውስጥ ፍሬን ስትይዝ የሚመለሰው ኃይል እዚያ የለም።

ባትሪ፦
170 ኪሎ ሜትር ለአሁኖቹ መኪኖች ብዙ አይደለም። ያገለገለ ስትገዢ የባትሪውን ጤንነት አስለኪ፣ ያ ነው ዋናው።

ፊት ለፊት፦
እህታችን ስለ ወገቧ ነው የጠየቀችው። እስካሁን የተመለሰላት ስለ መለዋወጫ፣ ስለ ጥቀርሻ፣ ስለ ቆጣሪና ስለ ባትሪ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የወረደ ሰው ካለ ይናገር፤ ከሌለ ደግሞ የለም እንበላት።

የኮሮላ ልጅ፦
እኔ ተቀምጫለሁ አላልኩም እንዴ? ሦስት ኮሮላ ነው የነዳሁት። የኔ መካኒክ 20 ዓመት ሠርቷል፣ እሱም የሚነዳው ኮሮላ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ሁለት ሰዓት በቀን፦
እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ሰዓት ነድቻለሁ። በዚህ ጊዜ አራት መኪና ቀያይሬያለሁ፣ የጀርባ ዲስክ መንሸራተትም አለብኝ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል።

ኮሮላን አልጠላም። ግን የትኛው ኮሮላ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትውልድ በአብዛኛው የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ወፍራም ብረት ያያይዛቸዋል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይሰማዋል፤ ያ ወገብ ላይ ይመጣል። በስም አንድ ናቸው፣ ሲቀመጡባቸው ግን ሌላ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ነው። የአዲሱ ኮሮላ ሴዳን 2.70 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የወጣው ፓሳት 2.79፣ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ያለው አኮርድ 2.83። ርቀቱ ሲረዝም መኪናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዙ ይቀንሳል። አጭር መንገድ ላይ አይታወቅም፤ ከ60 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ትለይዋለሽ።

ከሁሉም በላይ ወንበሩ። ስትቀመጪ የጭንሽ ሥር እስከ ጉልበት አካባቢ መደገፍ አለበት። ካልተደገፈ ክብደትሽ በሙሉ መቀመጫሽ ላይ ያርፋል። የወገብ መደገፊያው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም የሚሄድ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰው ቁመት ይለያያላ። መሪው ወደ አንቺ የሚሳብ ይሁን። የግራ እግርሽ የሚያርፍበት ቦታ መኖሩንም እይ። ለጀርባ ጤና የሚሠራ ኤጂአር የሚባል የጀርመን ማኅበር አለ፤ ኦፔልና ፎልክስዋገን በአንዳንድ መኪኖቻቸው ላይ የእሱን ማረጋገጫ ያገኘ ወንበር አላቸው። ፓሳት ስታዪ ወንበሩ ያ መሆኑን ጠይቂ፣ ሁሉም ላይ የለም።

የመጨረሻው፣ አሥር ደቂቃ ነድተሽ አትወስኚ። መጥፎ ወንበር ማመም የሚጀምረው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ሻጩን አንድ ሰዓት ለምኚው። እምቢ ካለሽ ሌላ መኪና ፈልጊ።

ፊት ለፊት፦
ተባረኪ። አሁን መልስ ተገኘ።

የኮሮላ ልጅ፦
ሁሉም የሚሻለውን ይንዳ። እኔ ግን ከኮሮላዬ አልወርድም።

ሞላ፦
ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም ሲትሮዌን ሲ5 አስቢ። ምቾት ከተባለ በብረት ሞላ ፋንታ ዘይትና ጋዝ የሚሸከመው ዓይነት አለው። በአራቱም ጎማዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው ዲኤስ መኪና የተጀመረ ነገር ነው። ጉድጓድ ላይ ስትሄጂ አይሰማሽም። ሁለተኛው ሲ5 ግን ተራ ሞላ ያለው ዓይነትም ስላለው ለይተሽ ግዢ።

የጋራዥ ሰው፦
ሲ5 ድንቅ መኪና ነው፣ ግን ያንን ዘይት የሚያውቅ ባለሙያ አጠገብሽ ከሌለ አትግቢበት። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ማምረቱ ቆሟል።

አንዴ የተነካ፣ ወንድሜ፣ ያንተ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ጎማ ከቀየርክ በኋላ ድምፁ እዚያው ካለ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ነው የምጠረጥረው። እንዲህ አድርግ። መንገዱ ጭር ሲል በ80 እየነዳህ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘንብል። ወደ ግራ ስትል ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ስትል ከጨመረ የግራው ነው። የጎማ ድምፅ ቢሆን አስፋልቱ ሲለወጥ ይለወጣል፤ ኩሽኔታ ግን ለአስፋልት ግድ የለውም። ከዚያ በክሪክ አስነስተህ ጎማውን በእጅ አዙር፣ ሌላውን እጅህን ሞላው ላይ አድርግ። ሻካራ ንዝረት ከተሰማህ አገኘኸው። ሳትዘገይ አስቀይረው፣ ሲብስ አደጋ ነው።

ለእህታችንም አንድ ልበል። ቸርኬው ትልቅ፣ ዙሪያው ያለው የጎማው ጎን ቀጭን የሆነ መኪና ያምራል፣ ግን ይደበድባል። ያው መኪና ባለ 18 ኢንች ቸርኬና ባለ 16 ኢንች ይዞ ሁለት መኪና ነው። ፓሳትም ሆነ አኮርድ ባለ 16 ወይም 17 ካገኘሽ እሱን ያዢ።

የማለዳ ተጓዧ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ሁለት ሰዓት በቀንን እና የጋራዡን ጋሼ። ኮሮላውን ትናንት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የነዳሁት፤ የትኛው ትውልድ እንደሆነም አልጠየቅኩም ነበር። ፓሳቱ ባለ 18 ነው። ባለቤቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ልንዳው ፈቅዷል። አኮርዱን ገና አላየሁትም። ትራስ ይዤ ልሂድ ወይስ ያለ ትራስ ልሞክር?

ሁለት ሰዓት በቀን፦
ያለ ትራስ። ወንበሩን ራሱን ነው የምትፈትኚው። የወትሮ የሥራ ጫማሽን ግን አድርጊ።

አንዴ የተነካ፦
ጋሼ! ሞከርኩት። ወደ ቀኝ ሳዘነብል ነው የጨመረው። ዛሬ አስነስተን አየነው፣ የኋላ ግራ ኩሽኔታ ነው። ተቀየረ። አሁን ከሥራ ስመለስ 110 ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ሰማሁ። በዓመቱ! እግዜር ይስጥልኝ።

የጋራዥ ሰው፦
እሰይ! የቀኙንም በየጊዜው አድምጠው።

ፊት ለፊት፦
የማለዳ ተጓዧ፣ ቅዳሜ አለፈ። ፓሳቱ እንዴት ሆነ?

ባለ ሁለት ልጅ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ወንድሜ ባለ 17 ፓሳት ሊሸጥ ነበር።

ባትሪ፦
ጋሼ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት። የኔ 100 ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለውም።

የጋራዥ ሰው፦
የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበርህ? መሪው ከሆነ የፊት ጎማዎችህን ባላንስ አሠራ፣ ወንበሩ ከሆነ የኋላዎቹን። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ግን የፍሬኑ ዲስክ ነው። የትኛው ነው?