ተርቦው ዘይት ወደ አየር ቱቦው ይጥላል፤ ከመቀየሬ በፊት ምን ላስመርምር?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ጭነት የምመላልስበት የናፍጣ አይሱዙ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጉልበት እያነሰውና ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ስለተቸገርሁ፣ ሙያው ያላችሁ ወገኖች እንድታማክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአየር ቱቦው ሲፈታ ውስጡ ዘይት ተገኝቷል፤ የተርቦው (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያምቀው ክፍል) ዘንግ ግን በእጅ ሲሞከር በነፃነት ይዞራል፣ ክንፎቹም ቤታቸውን የነኩበት ምልክት የለም። መካኒኩ ተርቦው በአዲስ ይቀየር ይላል። እኔ አልረካሁም፤ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ይህ ዘንግ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት በመሆኑ፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ቱቦ ከታፈነ ወይም የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) አልቆ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ከበዛ፣ ደህና ተርቦም ቢሆን ዘይት ሊጥል ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገጠመው አዲሱም (ዋጋው የዋዛ አይደለም) ያው ዕጣ ይደርሰዋል። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦና የሞተሩ መተንፈሻ መታፈናቸውን እንዴት እንደምለይ፣ የዘንጉ ልቅነትስ ምን ያህል ሲደርስ አልቋል እንደሚባል ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ተርቦው እንዲቀዘቅዝ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማቆየትስ ስንት ደቂቃ ይበቃል?