መብራት በሌለበት ክፍል ለ60 ልጅ ምን ይዤ ልሂድ?

የወረኢሉዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥር ላይ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ተሁለደሬ ወረዳ ወዳለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልንሄድ ነው። ልጆቹ ሳይንስን በእጃቸው እንዲሞክሩት እንፈልጋለን።

ለምን ምክር እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ከላቦራቶሪ ደህና ደህናውን ዕቃ ተሸክመን፦ ሌንስ፣ ፕሪዝም፣ የመስታወት ቱቦ። ሁሉንም የሠራነው እኛ ነን። ልጆቹ አዩ፣ አጨበጨቡ። ስንጨርስ አንዲት ልጅ ከኋላ መጥታ «መንካት ይቻላል?» አለችኝ። ዕድሜዋ አሥር ቢሆን ነው። «ቆይ፣ እንዳይሰበር» አልኳት። የዘረጋችውን እጅ መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ያቺ እጅ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። እኔም እኮ ገጠር ነው የተማርኩት። ፕሪዝም ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ የማይሰበር ነገር እፈልጋለሁ። መብራት የማይፈልግ፣ ስልሳውም ልጅ በየእጁ የሚይዘው፣ ቤቱ ሄዶም የሚደግመው። እስካሁን ያሰብኩት ከርከዴ ነው። ሲዘፈዘፍ ቀይ ውሃ ይወጣዋል። ሎሚ ሲጨመርበት ይደምቃል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ከጓዳ ዕቃ ማለት ነው። ፊዚክስ ግን ጎደለኝ። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከሐይቅ፦
አብሽሪ እህቴ። ከርከዴው ጥሩ ነው። የአመዱን ውሃ ግን ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።

ለፊዚክሱ ጣራውን ተመልከቱ። የእኛ ክፍል ጣራ ቆርቆሮ ነው፣ ምስማር የወለቀበት ቀዳዳ አለው። ፀሐይ ስትበረታ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይወርዳል። ልጆቹ ይረግጡታል፣ መዳፋቸው ላይ ያሳርፉታል። ያ ክብ የቀዳዳው ቅርፅ አይደለም፣ የፀሐይ ምስል ነው። ትንሹ ቀዳዳ ሦስት ማዕዘን ቢሆንም ከሩቅ የሚያርፈው ብርሃን ክብ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። የሚረግጡት ፀሐይን ነበራ!

ከዚያ ወደ ልኬት ሄድን። ካርቶንና ወስፌ ነው የሚያስፈልገው። ወስፌ በየቤቱ አለ፣ እናቶቻቸው ስፌት ይሰፉበታል። ካርቶኑ መሃል ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ይብሱ። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ደጅ አውጧቸው። ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ። በቀዳዳው ፀሐይን ማየት ክልክል ነው፣ ይህን አጥብቃችሁ ንገሯቸው። አንዱ ካርቶኑን ከራሱ በላይ ይያዝ። ጓደኛው 2 ሜትር ርቆ ነጭ ወረቀት ይያዝ። በካርቶኑ ጥላ መሃል ትንሽ ክብ ብርሃን ይወርዳል። ወረቀቱ ፀሐይን ፊት ለፊት ይግጠም፣ ካዘነበለ ክቡ ሞላላ ይሆናል።

በማስመሪያ ሲለኩት 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። 2 ሜትር ማለት 2,000 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ19 ሲካፈል 105 ይሆናል። ብርሃን በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ በወዲያኛውም በኩል ንጽጽሩ ያው ነው፤ ፀሐይም ከእኛ የምትርቀው የራሷን ስፋት መቶ ምናምን ጊዜ ያህል ነው ማለት ነው። ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑን ብቻ ንገሯቸው። ስፋቷን ራሳቸው ያገኙታል፦ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በብስኩት ካርቶን!

የእኔዎቹ አንዱ 17 አለ፣ አንዷ 21 አለች። ተጨቃጨቁ። እንደገና ለኩ። ከትምህርቱ ሁሉ እኔ የወደድኩት ያንን ጭቅጭቅ ነው። መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው።

የላሊበላው፦
መምህር ያሉት እውነት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት እኛ ጋ የቀለበት ግርዶሽ ነበር። ከዛፉ ቅጠል መሃል ሾልኮ ግድግዳችን ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ነበር። በመቶ የሚቆጠር ቀለበት። ሰው ሁሉ መነጽር ሲፈልግ ታናሽ እህቴ ግድግዳውን በጣቷ እየነካች ትቆጥር ነበር።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ወሎ ላይ ከፊል ግርዶሽ ይኖራል። ክረምት ነው፣ ደመናው ያሰጋል፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ካርቶኑ እቤታቸው ካለ ግን ሰማዩ ትንሽ ቢከፈት ይበቃቸዋል። ለዚያ ቀን እንዲያስቀምጡት ንገሯቸው።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
እኔ ደግሞ የፈላ ውሃ ልጨምር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እኛ ጋ ዝቅ ስለሚል ወደ 94 ይጠጋል። መጽሐፉ ግን 100 ነው የሚለው። ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ለክቶ በስልክ ይነጋገር። ደሴ ላይ ባቄላ ለምን ቆይቶ እንደሚበስል ያኔ ይገባቸዋል።

የወረኢሉዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የፈላ ውሃውን ለትልልቆቹ ክፍሎች አስቀምጬዋለሁ፤ ለትንንሾቹ እሳቱ ያስፈራኛል። መምህር፣ ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሞከርኩት። 18 ተኩል አገኘሁ። ሠፈር ውስጥ ካሉ ሱቆች የብስኩትና የሳሙና ካርቶን እየለመንኩ ነው፣ 43 ደርሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ወስኛለሁ። ወደ ባለፈው ዓመቱ ትምህርት ቤትም እንመለሳለን። ርእሰ መምህሩን በስልክ አግኝቼ ለየካቲት ተቀጣጥረናል። የልጅቷን ስም አላውቀውም፣ መልኳን ግን አልረሳሁም። ፕሪዝሙንም ይዤላት እሄዳለሁ። ከተሰበረም ይሰበር።

ግን መምህር፣ ጠዋት ጉም ቢኖርስ?

መምህር ከሐይቅ፦
በጥር ከሐይቁ የሚነሣው ጉም እስከ ሦስት ሰዓት ገፍፎ ይጠፋል። ከርከዴውን አስቀድሙ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ደጅ ትወጣላችሁ። ወስፌ እኔ ጋ አምስት አለ፣ ስትመጡ እሰጣችኋለሁ።