አሮጌ አይሱዙ ጠዋት በብርድ አልነሳ እያለች አስቸገረችን፣ የናፍጣ ፖምፓው ነው ወይስ ሌላ?

የሲናን ልጅ
ሰላም ናችሁ ወገን። አይሱዙ ኤንፒአር አለችን፣ አሮጌ ናት፣ 24 ቮልት፣ ከሮብ ገበያ ድንች እየጫንን ማርቆስና ባሕር ዳር ነው የምንመላለሰው። ከኅዳር ጀምሮ ውርጩ ሲመጣ ጮቄ ስር ካደረች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሪኖው ያዞራል ያዞራል አትነሳም፣ እንደምንም ስትነሳም አንድ ፒስተን የጎደላት ይመስል ትንቀጠቀጥና ትንሽ ቆይታ ትስተካከላለች። ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ስትነካት ነው የምትነሳው፣ ዳገት ላይም ጉልበቷ እንዳለ ነው። ባሕር ዳር ካደረች ደግሞ ጠዋትም ምንም አትል። መካኒክ ጠርቼ ፖምፓው አልቋል ይውረድ አለኝ፣ የጠየቀኝ ብር የድንቹን ትርፍ ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ረዳቴ ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ እያቀጣጠለ አየር ማስገቢያው አፍ ላይ ሲይዝላት ትነሳለች፣ እስካሁን በዚህ ነው የቆየነው። ነጭ ጋዝ ቀላቅልባት ያለኝም አለ። ምን ትላላችሁ?

ዳሞት 3
አልቃይዳ ይሏት የለ እንዴ፣ ብርድ ፈራች በላ 😂 ነጭ ጋዙን ግን ሞክረው ወንድሜ፣ ናፍጣው ረግቶ ነው የሚሆነው።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ
ኧረ ተው ነጭ ጋዝ አትጨምር! ናፍጣ ረግቶ ፊልትሮ ቢዘጋ ኖሮ ከተነሳች በኋላም ነዳጅ ስትረግጥ ታፍንብህ ነበር፣ አንተ ግን ዳገት ላይ ጉልበት አላት ብለሃል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ ያን ጊዜ ነው እውነትም ፖምፓ የምታወርደው።

ፖምፓውንም አትንካ። መልሱን እኮ ረዳትህ በጨርቁ ሰጥቶሃል። አየሩ ሲሞቅላት የምትነሳ ከሆነ ናፍጣው ሲሊንደር ድረስ እየደረሰ ነው ማለት ነው፣ የጎደለው ሙቀት ነው። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፣ አየሩን ጨምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው የሚያቀጣጥለው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ብርዱ አለ፣ በዛ ላይ ከፍታው አለ፣ 3 ሺህ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የማይታወቅ ትንሽ ድካም እዛ ጎልቶ ይወጣል።

ነገ ጠዋት አንድ ሰው ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) ጋ አቁምና ስታዞራት ጭሱን ይይልህ። ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ ካልተነሳች ናፍጣ አለ ግን አልነደደም፣ ማሞቂያ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ግሎ የሚያሞቀው) ወይ ኮምፕረሽን (አየር መጭመቁ) ወይ አዟዟሩ ደክሟል። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው ራሱ አልደረሰም፣ አየር ገብቷል ወይም ሌሊት ወደ ታንከሩ ተመልሷል። ይሄን ሳያይ እቃ የሚያስገዛህን መካኒክ እኔ አላምነውም።

ጨርቁን ግን አቁሙ በናታችሁ፣ ፍም ስቦ ከገባ የምታወጡት ወጪ ከፖምፓውም ይብሳል። ያ በጣሳ የሚሸጠው የማስነሻ ስፕሬይም ማሞቂያ ካንዴላ ላለው ሞተር አይሆንም፣ ካንዴላው ግሎ እያለ ከነፋህበት እዛው ይፈነዳና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል።

የድሮ ሹፌር ቡሬ
ልጄ እኛ በኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ጭነት መኪና ዘመን ካንዴላ ምናምን አናውቅም፣ ማታ ስንቆም ቁልቁለት ፈልገን ነበር የምናሳድራት። ይሄ ደግሞ ለምርመራም ይረዳሃል። ጠዋት ለቀቅ አድርገህ በ2ኛ ወይ በ3ኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ስትለቅላት እፍ ብላ ከተነሳች ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ሞተሪኖውና ባትሪው ናቸው በቂ ፍጥነት ያልሰጧት። ግን ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑ በደንብ እንደማይዝልህና መሪውም እንደሚከብድህ አትርሳ፣ ከፊትህ ሰውም ገደልም እንዳይኖር። ዘይቱስ ስንት ቁጥር ነው? ነጠላው 40 ከሆነ ለዛ ብርድ ወፍራም ነው፣ 15-40 አድርግበት።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ
ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ባትሪውን ረስቼው። ሁለት ባትሪ ነው ያለህ አይደል? ሜትር ፈልግና ሰው እያዞረ እያንዳንዱን ለየብቻ ለካ። ተኝቶ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው፣ ሲያዞር ከ9.6 በታች የሚወርደው እሱ ነው ጠላትህ። አንዱ 11 ላይ ቆሞ ሌላው 8 ከገባ ደካማው ጥሩውንም ይዞት ነው የሚሞተው፣ ስትቀይር ሁለቱንም ቀይር። የማሳ ካቦውንም ፈትተህ ጥረገው፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ እያዞረ ስትለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ካቦው ነው።

የሲናን ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ዘይቱ 40 ነው፣ ይቀየራል። ጭሱን አየን፣ ነጭ ነው፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ባትሪዎቹ ሲያዞሩ ሁለቱም ከ10 በላይ ናቸው። ካንዴላውን እንዴት ነው የማየው? የሱ መብራት ዳሽቦርድ ላይ ይበራል ይጠፋል፣ ስለዚህ ይሠራል ብዬ ነበር።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ
መብራቱን አትመነው። ብዙ ጊዜ ቆጣሪው ቆጥሮ ነው የሚያጠፋው፣ ካንዴላው ይጋል አይጋል አያውቅም።

መጀመሪያ አራቱን ካንዴላ ከላይ የሚያያይዘው ቀጭን ብረት አለ፣ ቁልፍ ከፍተህ ባለ 24 አምፖል በሱና በማሳ መሀል አድርግ። ካልበራ ሬሌው ወይም ፊውዙ ነው፣ ካንዴላ ለመግዛት አትሩጥ። ከበራ ቁልፉን ዝጋና ያንን ብረት ፍታው፣ ከዛ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ አምፖል እያንዳንዱ ካንዴላ ጫፍ ላይ አስነካ። የሚያበራው ደህና ነው፣ የማያበራው ተቃጥሏል። ብረቱን ሳትፈታ ከለካህ አንዱ ጤነኛ ለሁሉም ያበራልሃልና ትሸወዳለህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

የሲናን ልጅ
ሠራሁት። ብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ከአራቱ ሦስቱ ጭራሽ አያበሩም! አንዱን ስፈታው ጫፉ አብጦ ሊወጣ አልፈለገም፣ በስንት መከራ እያላላሁ አወጣሁት። የሚገርመው አምና ነው የተቀየሩት።

ጋራዥ ውስጥ ያደገ
አምና ተቀይረው ሦስቱ ከሞቱማ የወጣው አንገት ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብበው እስቲ። ገበያ ላይ ባለ 12ቱም አለ፣ ልኩ ስለሚገባ ያስሩታል፣ 24 ሲለቀቅበት ያብጥና ይሄዳል። ያላወጣሃቸውን በግድ አትጠምዝዝ፣ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ማውረድ ይመጣል፣ ሞተሩን አሙቀህ ዘይት እያጠጣህ ወደፊት ወደኋላ እያደረግክ አውጣ።

የሲናን ልጅ
11 ቮልት ይላል፣ የባለ 12ቱ ነው ማለት ነው 🤦🏾 የሸጠልኝ ሰው ጋ ነገ እሄዳለሁ።

የድሮ ሹፌር ቡሬ
ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ቃል ብቻ ይዘህ አትሂድ። አዲሱን ካሰርክ በኋላም ነጩ ጭስ ካልጠፋ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ እያት፣ ከዛ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ የፋሻ ነገር ነው፣ ያ ሌላ ወሬ ነው።