የባሕር አልጌ ድኝ ምን ያደርግለታል?

የሊያ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ ውስጥ ባሕር ዳር ነው። በጋ ሲሆን አረንጓዴ አልጌ አሸዋው ላይ ይከመራል። አንዳንድ ቀን ደስ የሚል የባሕር ሽታ አለው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የገማ እንቁላል ይሸታል። የ11 ዓመት ልጄ ሽታው ከድኝ፣ ከሰልፈር ማለት ነው፣ እንደሚመጣ ትምህርት ቤት ሰማች። «አልጌው ድኙን ምን ያደርግለታል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ደግሞስ እዚያ ብትጫወት ችግር አለው?

መምህር ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ ግሩም ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ። በቲማቲም አስረጃት። የተቆረጠ ቲማቲም ላይ ጨው ስትነሰንሺ ውኃው ይወጣል አይደል? ባሕርም ጨው ስለሆነ የአልጌውን ውኃ እንዲሁ ሊመጥበት ይሞክራል። አልጌው ይህን የሚቋቋመው ዲኤምኤስፒ የሚባል ድኝ ያለበት ውሕድ ሴሉ ውስጥ በማጠራቀም ነው። ያን ጊዜ ውስጡና ውጭው ይመጣጠናል፤ ውኃውም አይሸሽም።

ለምን ድኝ መረጠ? ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ ናይትሮጅን ያለባቸው ውሕዶችም አሉ። ግን ናይትሮጅን ባሕር ላይ ብዙ ጊዜ እጥረት ነው፤ ለፕሮቲንም ይፈለጋል። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ግን ወደ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ ድኝ ያለበት ውሕድ ማለት ነው፣ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አልጌው የተትረፈረፈውን ተጠቅሞ ውዱን ይቆጥባል። እኔም ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል።

ሰላማዊት፦
በጨው ብቻ አያበቃም። ዲኤምኤስፒ በዋልታ አካባቢ ላሉ አልጌዎች ብርድ መቋቋሚያም ነው። ጥቃቅን እንስሳት አልጌውን ሲነክሱት ደግሞ ሴሉ ይፈርስና ኢንዛይም ዲኤምኤስፒውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ አክሪሌት ነው፤ በላተኛውን ያርቃል ተብሎ ይታሰባል። ሌላው ዲኤምኤስ የሚባል ጋዝ ነው። የባሕር ሽታ የምንለው በአብዛኛው እሱ ነው። ፔትሬል የሚባሉ የባሕር ወፎች ይህን ሽታ ተከትለው ምግብ ያገኛሉ! ይህን ለሊያ ንገሪልኝ።

ከረሖቮት፣ እስራኤል፦
እዚሁ እኛ ከተማ ያለው የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ይህን ጋዝ የሚያወጣውን ኢንዛይም በዓይን በማትታይ አንዲት አልጌ ውስጥ ለይተው አግኝተዋል።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ የገማ እንቁላል ሽታው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እባክሽ አትናቂው። ክምሩ ሲበሰብስ ከሥር አየር ያጣል። ያን ጊዜ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ድኝ ያለበት ጋዝ ያወጣሉ። መርዝ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. እዚያው ብሬታኝ፣ ሴን ሚሼል አን ግሬቭ ላይ፣ አንድ ፈረስ ሞቷል፤ ጋላቢውም ራሱን ስቶ ነው የተረፈው። ነጭ ቅርፊት የሠራ ክምር ላይ በፍጹም እንዳትወጣ። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትጠጉ። ማዞር ወይም የዓይን ማቃጠል ከተሰማችሁ ቶሎ ራቁ። ባሕሩ ገና የተፋው እርጥብ አልጌ እንዲህ አያሰጋም።

የሊያ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የፈረሱን ነገር ስሰማ ደነገጥኩ። ቅዳሜ የምንሄደው ክምር ወደሌለበት ወገን ነው። ቲማቲሙን ግን ዛሬ ማታ እንቆርጣለን።