የአጎቴ አሮጌ ወረቀት «ዓይነት 4» ይላል፤ ሌላ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?

የዓለም ገናዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ብዙ ዓመት ጣሊያን ሠርተው በጡረታ የተመለሱ ሰው ናቸው። ወረቀት አይጥሉም፤ የዚያን አገር የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር አለ። ከዚያ ክምር ውስጥ በ2003 (በአውሮፓውያኑ) የተሠራ የደም ምርመራ አወጡ፤ «ሄፓታይተስ ሲ፣ ሴሮታይፕ 4» ይላል፤ የጉበት ቫይረሱ ዓይነት 4 ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሕመም ስላልተሰማቸው ሳይታከሙ ቀሩ።

ሰሞኑን እዚሁ ሰፈራችን ክሊኒክ ከጣታቸው ደም ተወስዶ ፖዘቲቭ ሆኑ። ሐኪሙ አሮጌውን ወረቀት አይቶ «ይህ አይበቃም፤ ከተማ ገብታችሁ የቫይረሱን መጠን አስለኩ» አለን። አጎቴ «ዓይነቱ ከታወቀ ሌላው ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ብለው ተቆጥተዋል። እናቴ ደግሞ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እያፈላለገች ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ለምን አላመነውም?

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ልጄ፣ ሐኪሙ ልክ ነው። ወረቀቱም አልዋሸም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው።

የቫይረሱ ዓይነቶች ኤንኤስ4 በሚባለው ፕሮቲናቸው ይለያያሉ። ያንን ፕሮቲን የሚመስሉ ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች) በምርመራ ሳህኑ ጉድጓዶች ላይ ይለጠፋሉ። የታማሚው ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ሲጨመር፣ አብሮት በየጉድጓዱ ከአንዱ በስተቀር የሌሎቹ ዓይነቶች ፔፕታይድ ይገባል። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል ከሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ለሁሉም ዓይነት የሚሆነውን እነዚህ ጠልፈው ያስቀሩታል፤ ለዚያ ለአንዱ ዓይነት ብቻ የተሠራው ግን ሳህኑ ላይ ይያዛል፣ ቀለምም ይሰጣል። የአጎትሽ ቀለም በአራተኛው ላይ ወጣ ማለት ነው።

ብልህ ዘዴ ነው፤ ከ1 እስከ 6 ያሉትን ዋና ዋና ዓይነቶች በርካሽ ይለያል። ንዑስ ዓይነት ግን አይለይም፤ 1ኤ እና 1ቢ ለእርሱ አንድ ናቸው። ኤችአይቪ ባለባቸው ወይም ኩላሊታቸው በሚታጠብ ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ቀለም አይወጣም። ከሁሉም በላይ ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። ከተያዙ 100 ሰዎች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ያስወግዱታል፤ ሰሞኑን ከጣታቸው የተመረመረውም ያው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ቫይረሱ ዛሬ ደማቸው ውስጥ መኖሩን የሚናገረው ሐኪሙ ያዘዘው የቫይረሱ መጠን ምርመራ ነው፤ አርኤንኤውን፣ ማለትም የቫይረሱን የዘር ቁስ፣ ይለካል።

በ2003 ግን ያ ወረቀት ዋጋ ነበረው። ሕክምናው ኢንተርፌሮንና ሪባቪሪን ነበር፤ ዓይነት 2 እና 3 ለ24 ሳምንት፣ ዓይነት 1 እና 4 ለ48 ሳምንት ይታከሙ ነበር። አጎትሽ ያንን መርፌ ስላልወሰዱ አልፈርድባቸውም፤ ስንቱን ሰው አስተኝቷል።

ወለቴ፦
እኔ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር በአንድነት ያለበትን ክኒን በቀን አንድ፣ ለ12 ሳምንት ወስጃለሁ። ዓይነቴን ማንም አልጠየቀኝም። መድኃኒቱ ሁሉንም ዓይነቶች ስለሚያክም የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2018 (በአውሮፓውያኑ) ጀምሮ ለአዋቂዎች እንዲህ ያሉትን ይመክራል። ከመጀመሬ በፊት ግን ሄፓታይተስ ቢ ተመረመርኩ፤ እርሱ ተደብቆ ካለ በሕክምናው ወቅት ሊነሣ ይችላል። የጉበት ጠባሳዬንም አዩ። እናትሽን ግን አስቁሚያት። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል የታመመ ጉበት ላይ መጨመር ምን ይባላል?

የዓለም ገናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ ይህን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና «ዓይነት 4 የጣሊያን ነው እንዴ?» አሉ። በሽታው እዚያ እንደያዛቸው እርግጠኛ ናቸው። ደግሞስ ደሙ እዚሁ ተቀድቶ መላክ አይቻልም?

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ራሱ ዓይነት 4 ነው፤ በግብፅም እንደዚሁ። ከዚህ ይዘውት ሄደው ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ይህን አይነግረንም። ጣሊያንን ለጊዜው ይማሯት።

መላክ ይቻላል፤ ግን ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በሰዓታት ውስጥ ተለይቶ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት፣ አለዚያ አርኤንኤው ይበላሻል። ክሊኒኩ ሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፕላዝማውን የሚለይ ማሽን) እና የበረዶ ሣጥን እንዳለው ጠይቂ። ከሌለው አጎትሽ ራሳቸው ይሂዱ፤ ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም፣ ቁርሳቸውን በልተው ይውጡ።