የሳል ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ወይስ ይከልከል?

መምህር፦ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝና ልጀምር። እዚህ ሐዋሳ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ባለፈው ሳምንት ቆሻሻ ስናጸዳ አሥራ አንድ ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች አገኘን፤ የመለኪያ ክዳኖቹ ከነላስቲካቸው ተጥለው ነበር። ሳል የያዘው ሰው ለክቶ ይወስዳል እንጂ ጠርሙሱን አንዴ ደፍቶ አይጨርስም፤ ይህ ለስካር የተጠጣ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የሳል ሽሮፕ ያለ ማዘዣ ሊሸጥ አይገባም እላለሁ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዴይን የተባለ ሱስ አስያዥ መድኃኒት ያለበትን ሽሮፕ ማምረትና ማስገባት የከለከለችው ወጣቶቿ በሱሱ ሲጠመዱ አይታ ነው።

እናት፦ መምህር፣ ያዩት ነገር እኔንም አስደንግጦኛል። ነገር ግን መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቡና ሸጬ የማድር ሴት ነኝ፤ ለሳል ብዬ ካርድ አውጥቼ ወረፋ ስጠብቅ ከዋልኩ የዚያ ቀን ገቢዬ ቀረ።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ ሽሮፕ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ክልከላውም አንድ ሊሆን አይገባም። ኮዴይን በሰውነታችን ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀየርና ሲበዛ ትንፋሽን የሚያዳክም ስለሆነ ያለ ማዘዣ መሰጠት የለበትም፤ በዚህ ከመምህር ጋር ነኝ። ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለውን ሌላውን የሳል መድኃኒት ግን አዋቂ ሰው በቀን ከ120 ሚሊግራም ሳያልፍ ሲወስደው ደረቅ ሳልን ያስታግሣል። አንድ ወጣት ለስካር ብሎ ጠርሙሱን ሲጨርሰው ይቃዣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ራሱን ይስታል፤ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተደምረው ሕይወቱን ሊያሳጡት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ነው፤ ከልክ በላይ የወሰደው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ሲረጋጋ ጉበቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጎዳል። የሆድ ሕመሙ እስኪጀምረው ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መወሰድ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምደግፈው፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዳደረገችው፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት ሽሮፕ ዕድሜው 18 ላልሞላው ሰው ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ነው።

መምህር፦ ልጁ «እናቴ ልካኝ ነው» ቢልስ? በከተማችን መድኃኒት ለመግዛት የሚላከው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

እናት፦ ይህስ እውነት ነው፤ እኔም የ13 ዓመት ልጄን እልካለሁ። ባለሙያው ሳይሸጥለት በፊት ቢደውልልኝ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

የመድኃኒት ባለሙያ፦ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ወላጁ ስልክ ካላነሣ ልጁን ባዶ እጁን እመልሰዋለሁ።

መምህር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይሁን እንጂ ይህ የእርስዎ በጎ ፈቃድ ነው። እርስዎ የመለሱት ልጅ መንገዱን ተሻግሮ ከሌላው ይገዛል። ዕድሜ መጠየቁም ሆነ ለወላጅ መደወሉ ሁሉንም መድኃኒት ቤት የሚያስገድድ መመሪያ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ፣ ሽሮፑ በማዘዣ ብቻ ይሸጥ የሚለውን ሐሳቤን አልተውም።