ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለን አሮጌ ባለ ካብ ግቢ መልሶ ለማልማት ከምን እንጀምር?

ጠያቂ፣ የእድር ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። እድራችን ከከተማው ወጣ ብሎ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ 30 በ40 ሜትር የሆነ አሮጌ የአትክልት ግቢ ተረክቧል። ቦታው ተዳፋት፣ አፈሩ ቀይ ነው። የላይኛው ካብ 6 ሜትር ያህል ፈርሷል። ከካቡ ሥር የበቀለው ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ውስጥ ሰዷል፤ የቀረውን ሰርዶ ውጦታል። ያለ ኬሚካል፣ በፐርማካልቸር (ተፈጥሮን በሚከተል ዘላቂ አስተራረስ) መንገድ፣ እድርተኛውን ይዘን ልናለማው አስበናል። ምን ይቅደም? ካቡንስ በሲሚንቶ እንሥራው? ሰዉ አንድ ቀን ወጥቶ እንዳይቀርስ ምን ይደረግ?

ግንበኛ፣ ከቡሬ
ከችግኝ በፊት ውሃውን ያዙ። የላይኛው ካብ የሚፈርሰው አርጅቶ አይደለም፤ የክረምት ጎርፍ ከጀርባው ያለውን አፈር እያራሰ ስለሚገፋው ነው። ከካቡ 3 ሜትር ሽቅብ ርቃችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል፤ ከዚያ በላይ ካዘነበለ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል። መውጫው ሣር ያለበት ቦታ ይሁን፣ የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይደፋ።

ሲሚንቶ አታስነኩት። ውሃ በድንጋዩ መሀል እየሰረገ መውጣት አለበት፤ ከተዘጋበት ከጀርባ ይጠራቀምና ግድግዳውን እንዳለ ይገለብጠዋል። ከፈረሰው ግራና ቀኝ የላላውንም አውርዱ። ድንጋዩን ለዩ፦ ትልልቁ ለመሠረት፣ ረጃጅሙ ለማሰሪያ፣ ትንንሹ ለመሙያ። መሠረቱን ጠንካራ አፈር እስክታገኙ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። እያንዳንዱ ድንጋይ በታቹ ባሉት የሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ ይረፍ። ርዝመቱ ወደ ካቡ ውስጥ ይግባ። ፊት ለፊት እንዲያምር ብለው ድንጋዩን በጎኑ ሲዘረጉት ነው ካቡ በሁለተኛው ክረምት ሆድ የሚያወጣው። በግማሽ ቁመቱ ላይ በየ1 ሜትሩ ከፊት እስከ ጀርባ የሚያልፍ ማሰሪያ አስገቡ፤ በየ1 ሜትር ቁመቱም ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ተዳፋቱ ይዘንብል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይለቅ።

አፈርና ውሃ፣ ከፍኖተ ሰላም
ግንበኛው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ በፐርማካልቸር ቪዲዮ ላይ የምታዩትን ውሃ አስራጊ ደልዳላ ቦይ ከላይኛው ካብ ጀርባ እንዳትቆፍሩት ነው። ውሃውን እዚያው አፈር ውስጥ ስለሚያስገባ ካቡን ይጥለዋል። ቦታው ግቢው ውስጥ ነው፤ ከካቡ 5 ሜትር ቁልቁል ወርዳችሁ፣ በኤ-ፍሬም (የA ቅርጽ ባለው የእንጨት ደረጃ መለኪያ) ለክታችሁ፣ በእኩል ከፍታ ሥሩት። ደለሉን ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር ይያዘው።

የጎጃም ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እየወሰዳችሁ ደባልቁና 1 ኪሎውን ወደ አፈር ላቦራቶሪ ላኩ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ከሆነ ድንች ይችለዋል፤ ባቄላ፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ግን ይቀጭጫሉ። መጠኑን ላቦራቶሪው ይነግራችኋል። ለምሳሌ በሄክታር 2 ቶን የግብርና ኖራ ከተባለ፣ ለ100 ካሬ ሜትር 20 ኪሎ ማለት ነው። ከመዝራት ቢያንስ 1 ወር ቀድማችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ከእርጥብ ፍግ ጋር ባንድ ቀን አትበትኑት፤ ናይትሮጅኑ በአየር ያመልጣል።

አትክልተኛ፣ ከዳንግላ
ሰርዶውን በበሬ አታርሱት። የተቆረጠው ሥር ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በየካቲት ፀሐይ በዶማ ገልብጡ፣ ሥሩን በእጅ ልቀሙ፣ ድንጋይ ላይ አስጥታችሁ ካደረቃችሁ በኋላ አቃጥሉት። ኮምፖስት ውስጥ ከገባ ተመልሶ ይመጣባችኋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይግባ። ፍጉን በክረምት ሰብስቡ፤ በጋ ከሆነ እበቱ ሁሉ ኩበት ይሆናል።

ባሕር ዛፉን ቁረጡ እንጂ ጉቶውን አትንቀሉ፤ ሲነቀል የካቡ መሠረት አብሮ ይላላል። ቅርፊቱን ከአፈር በታች 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ላጡት፣ ያቆጠቆጠውን በየወሩ ስበሩ። አጣናው ተሸጦ የኖራውን ወጪ ይችላል።

ቡና አትመኙ፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ቅዝቃዜው ይመታዋል። ጌሾ፣ ፕሪምና አፕል ይሆናል። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን የአፕል ዝርያዎች አጠገብ ላጠገብ፣ በ4 ሜትር ርቀት ትከሉ፤ ያለ ሌላ ዝርያ ፍሬያቸው ያንሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረው ካብ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቃል። ውርጭ የሚፈራውን እዚያ ሥር አድርጉት።

አስተባባሪ፣ ከሞጣ
ሰዉ የሚቀረው ድርሻው የቱ እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ካቡንና ቦዩን በደቦ ሥሩ፤ መደቡን ግን ለየቤቱ አከፋፍሉ፣ 1.2 በ10 ሜትር ይበቃል። ፍራፍሬው የጋራ ይሁን። ሁለት ወቅት ያላለማ መደቡ ለተረኛ እንደሚተላለፍ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር፣ ከብት ሲገባ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ችግኝ ሳይገባ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ባል የሞተባቸው እናቶች በስማቸው ይመዝገቡ፤ በልጅ ስም ከገባ ነገ ክርክር ነው።

የሥራ ቀን ስትቆርጡ 12ን፣ 21ን፣ 23ን፣ 27ንና 29ን ዝለሉ፣ ቅዳሜና እሑድንም። በዓል ቀን አፈር የሚነካ አታገኙም፤ ስብሰባውን ግን ያኔ ከቅዳሴ በኋላ ብታደርጉት ሁሉም ይመጣል። ለ6 ሜትር ካብ 40 ሰው ባንድ ጊዜ አትጥሩ፤ ድንጋይ የሚያስቀምጡ 4፣ የሚያቀብሉ 8 ይበቃሉ። የተረፈው ቦዩን ይቆፍር።

ጠያቂ፣ የእድር ጸሐፊ
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የታችኛውን በር በቆርቆሮ ልንዘጋው ነበር፣ ከብት እንዳይገባ።

አትክልተኛ፣ ከዳንግላ
ቆርቆሮ ይቅር። የሌሊት ቅዝቃዜ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ታችኛው ካብ ላይ ይታቆራል፤ መውጫ ካጣ በኅዳር ውርጭ ድንቹን ያነደዋል። በሩን ከዚያው ከቆረጣችሁት አጣና፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አቁማችሁ ሥሩት፤ ጥጃም አያስገባም። ታች ያሉት መደቦች ላይ ድንቹን ትታችሁ ጎመን አድርጉ።